ረጅሙን የፖላንድኛ ጥምር ቅጽል እንዴት እንከፋፍለው? ጫናውስ የት ይረፍ?

ፖላንድኛ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚደነግጠው በቃሉ ርዝመት ነው። የሥራ ውል ላይ፣ መድኃኒት ቤት፣ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ላይ አንድ ቃል ብቻውን መስመሩን ይዞት ይገኛል። «ዘጠና ምናምን ዓመት የሆነው» ለማለት ፖላንዶች አንድ ቃል ይበቃቸዋል፦ ጄቭዬኝችጄሼኝቾኪልኩሌትኚ። ሲያዩት ያስፈራል። ጫናው፣ ማለትም ስንናገር ድምፃችን ከፍ የሚልበት ክፍል፣ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍለ ቃላት ብቻ ይበቃሉ። የፊተኞቹን ሰባት መመልከት እንኳ አያስፈልግም።

ይህ መመሪያ ፖላንድ ውስጥ ለሚማሩና ለሚሠሩ፣ ፊደሉን ለይተው ለሚያነቡ፣ ረጅም ቅጽል ሲመጣ ግን ምላሳቸው ለሚታሰር ነው። ሥራው ቃሉን መበተን፣ ከኋላ መቁጠር፣ ከዚያ መልሶ መግጠም ነው። የኛ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ደግሞ ሌሎች የውጭ ተማሪዎች ከሚሰናከሉበት ትንሽ ይለያል። ስለዚህ እዚያ ላይ ቆም እላለሁ።

መጀመሪያ አጻጻፌን ላስረዳ። ፖላንድኛውን በኛው ፊደል ነው የምጽፈው። ነጥቧ (·) የክፍለ ቃል ድንበር ናት። ጫና ያረፈበትን ክፍል በቅንፍ [ ] አጥረዋለሁ። በፖላንድኛ ቃል መካከል ጭረት (-) ካያችሁ ፖላንዶቹ ራሳቸው የሚጽፉት ጭረት ነው። በነጥቦች መካከል ሁልጊዜ አንድ አናባቢ ብቻ አለ። በክፍሉ ውስጥ ግልጽ አናባቢ ካለ በዙሪያው ያሉት ሳድሶች ሁሉ ዝም ይላሉ። ግልጽ አናባቢ ከሌለ ሳድሱ ራሱ ድምፅ አለው። ለምሳሌ ብቻዋን የቆመች «ን» የምትነበበው «ንብ» ስንል እንደምትጀምረው ን ነው።

አንደኛ፦ አናባቢዎቹን ቁጠሩ

በፖላንድኛ የክፍለ ቃላት ቁጥር ከሚሰሙት አናባቢዎች ቁጥር ጋር እኩል ነው። አናባቢ ፊደላቱ ዘጠኝ ናቸው። አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ አሉ። የኛን ሳድስ በጣም የሚመስለው «ዋይ» አለ። አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ኦ አለ፤ ድምፁ ከኡ ጋር አንድ ነው። ሁለቱ ደግሞ ከሥራቸው ጭራ ያላቸው፣ በአፍንጫ የሚወጡት ናቸው። ጭራ ያላቸው ከተነባቢ በፊት ሲመጡ ብዙ ጊዜ ከኋላቸው ን፣ ም ወይም ኝ ያሰማሉ። ቢሆንም እያንዳንዳቸው አንድ ተብለው ይቆጠራሉ።

«ዋይ» ለኛ ስጦታ ነው። እንግሊዝኛ ወይም ጣሊያንኛ ተናጋሪው ብዙ ይታገላታል፤ እኛ ግን ከእናታችን ጋር ስናወራ የምናወጣት ድምፅ ናት።

ችግሩ ያለው ኢ ላይ ነው። ኢ ከሌላ አናባቢ በፊት ስትቆም ራሷን የቻለች ክፍለ ቃል አትሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ሥራዋ ከፊቷ ያለውን ተነባቢ ማለስለስ ነው። ስለዚህ «አረንጓዴ» የሚለው ቅጽል ሲጻፍ ዜድ፣ ኢ እና ኤ ተከታትለው ይታያሉ። ሲነበብ ግን ዤ·[ሎ]·ን ነው፤ ሦስት ክፍል። ዚ·ኤ·ሎ·ን የሚል ሰው አራት አደረገው። ኘ፣ ሸ፣ ቸ፣ ጀ፣ ዠ በአፋችን ያሉ ድምፆች ስለሆኑ ይህን ማለስለስ ለመልመድ ጊዜ አይወስድብንም። ኤን፣ ኢ፣ ኤ ስታዩ ኜ በሉ። ዲ፣ ዜድ፣ ኢ፣ ኤ ስታዩ ጄ በሉ። ከበ፣ ከፐ፣ ከመ እና ከቨ በኋላ ደግሞ አጭር ይ ትሰማለች፦ ብዬ፣ ፕዬ፣ ምዬ፣ ቭዬ።

ሌላው ወጥመድ በውሰት ቃላት ውስጥ ኤ እና ኡ ሲገናኙ ነው። «አውሮፓዊ» የሚለው ቅጽል ኤው·ሮ·[ፔይ]·ስኪ ነው፤ ኡ ወደ ው ተለውጣ ኤን ተደግፋለች። ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። «ለሕዝብ በሚገባ መንገድ የቀረበ ሳይንስ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ፖ·ፑ·ላር·ኖ·ና·ኡ·[ኮ]·ቭ ነው፤ ስምንት ክፍል። ና እና ኡ እዚህ አይዋሃዱም፤ ምክንያቱም ና ከጥንት የተቀጠለች መነሻ ቅጥያ ናት። ሁለት ኦ ሲገጥሙም ሁለቱም ይቆጠራሉ። ሆቴል ስትይዙ የምታገኙት «ለአንድ ሰው የሚሆን» የሚለው ቃል ዬድ·ኖ·ኦ·ሶ·[ቦ]·ቭ ነው። ኖ እና ኦ መካከል ትንፋሽ ሳትቆርጡ ሁለቱንም አሰሟቸው።

ሁለተኛ፦ ያልተጻፈ አናባቢ አትጨምሩ

የኛ ሰው ዋናው መሰናክል እዚህ ነው። አማርኛ ተነባቢ ሲደራረብበት ሳድሷን ጣል ያደርግባታል። ሳናስበው ነው የምናደርገው። ፖላንድኛ ግን ሦስትና አራት ተነባቢ በአንድ ትንፋሽ ይገፋል። «ምሥራቃዊ» የሚለው ቃል ፍስሆድ ብሎ ይጀምራል። ፍ፣ ስ፣ ህ ሦስቱም ያለ አናባቢ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚሰማው አናባቢ ኦ ነው። እኛ ፍእ·ስእ·ሆ·ድእ ካልነው አንዱን ክፍል አራት አደረግነው። ጫናው በትክክለኛው ቦታ ቢያርፍ እንኳ ሰሚው ቃሉን አይለየውም።

አንድ መፈተሻ አለ። የእጃችሁን ጀርባ ከአገጫችሁ ሥር አድርጉና ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት። አገጫችሁ እጃችሁን የሚነካበት ብዛት ከአናባቢዎቹ ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። «ምሥራቅ አፍሪካዊ» ፍስሆድ·ኞ·አፍ·ር·[ካኝ]·ስኪ ነው፤ ስድስት። ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ከነካችሁ ሳድስ ሾልካ ገብታለች ማለት ነው።

ሾልካ የገባችውን ለማስወጣት ተነባቢዎቹን ከአናባቢው ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ደርድሯቸው። መጀመሪያ ሆድ በሉ። ቀጥሎ ስሆድ። ቀጥሎ ፍስሆድ። ስ እና ፍ እንደ እባብ ድምፅ ረዝመው ሊወጡ ይችላሉ፤ ችግር የለውም፤ ብቻ በመካከላቸው አፍ አይከፈት። «አካል ጉዳተኛ» የሚለውም እንዲሁ ነው፦ ኜ·ፔው·ኖ·[ስፕራቭ]·ን። ራቭ፣ ፕራቭ፣ ስፕራቭ እያላችሁ ገንቡት። ይህ ቃል አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫው ላይ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ ተጽፎ ስለምታዩት መለማመጃ አይጠፋም።

ሦስተኛ፦ መጋጠሚያውን ፈልጉ

ጥምር ቅጽል የሁለት ወይም የሦስት ቃል ጋብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያገናኛቸው ኦ ነው። «ፈካ ያለ ሰማያዊ» ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ያስ·ኖ·ኜ·[ብዬስ]·ኪ ነው። ያስኖ አንዱ አካል፣ ኜብዬስኪ ሌላው። ከቁጥር ጋር የተሠሩት ላይ አያያዡ አንዳንዴ ኡ ይሆናል። «ባለ ሁለት ክፍል» ቤት ድቩ·ፖ·ኮ·[ዮ]·ቭ ነው። «ፀረ» የሚል ትርጉም ያለው ፕሼቺቭ ደግሞ ያለ አያያዥ በቀጥታ ይገጥማል። መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ማስታገሻ ስትጠይቁ ፕሼ·ቺቭ·ቡ·[ሎ]·ቭ ያስፈልጋችኋል፤ ትርጉሙ «ፀረ ሕመም» ነው።

መጋጠሚያውን ማግኘት ለምን ይጠቅማል? ጫናውን ለመወሰን ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ዓይን ቃሉን እንዲያነብ፣ አፍም የት እንደሚያርፍ እንዲያውቅ ነው። 25 ዓመት የሆነው ሰው ድቩ·ጄስ·ቶ·ፕዬኝ·ቾ·[ሌት]·ኚ ነው። ድቩጄስቶ (ሃያ)፣ ፕዬኝቾ (አምስት)፣ ሌትኚ (ዓመት ያለው) ብላችሁ ሦስት ቦታ ከሰነጠቃችሁት አስፈሪነቱ ያልቃል። መግቢያ ላይ ያየነውም ጄቭዬኝችጄሼኝቾ (ዘጠና)፣ ኪልኩ (ምናምን)፣ ሌትኚ ነው። ፈጠን ሲሉ ከጄ በፊት ያለችው ች ትዋጣለች፤ ከሰማችሁ አትገረሙ።

አራተኛ፦ ከኋላ ቁጠሩ

ዋናው ሕግ አንድ ነው። ጫናው የሚያርፈው ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ባለው ክፍለ ቃል ላይ ነው። እኔ ይህን ክፍል «ዋዜማ» እለዋለሁ፤ የመጨረሻው ክፍል በዓሉ ከሆነ ደማቁ ዋዜማው ነው። ቃሉ ሁለት ክፍል ይኑረው ዘጠኝ፣ ዋዜማው ቦታውን አይለቅም። «ደቡብ አፍሪካዊ» ስምንት ክፍል አለው፦ ፖ·ዉድ·ኞ·ቮ·አፍ·ር·[ካኝ]·ስኪ። «የ24 ሰዓት» የሚለውም ስምንት ነው፦ ድቩ·ጄስ·ቶ·ችቴ·ሮ·ጎ·[ጂን]·ን። ሁለቱም ላይ ከኋላ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጫና ማለት ማጥበቅ አይደለም። አማርኛ ውስጥ ቃልን ጎላ አድርገን ስንናገር ተነባቢውን ጠበቅ ማድረግ ይቀናናል። ፖላንድኛ ውስጥ ጫናው አናባቢው ላይ ነው፤ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ትንፋሹ ይበረታል፣ ተነባቢው ግን እንዳለ ነው። ሌትኚን «ሌትትኚ» አታድርጉት። ምክንያቱም ፖላንድኛም እንደኛ ጠብቆና ላልቶ የሚለይ ቃል አለው። [ሌ]·ኪ ላልቶ «መድኃኒቶች» ነው። ኪ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ቀላል» ይሆናል፤ ክብደት የሌለው ማለት ነው። እኛ «ገና»ን በማጥበቅና በማላላት የምንለይ ሰዎች ስለሆንን ይህን በጆሯችን እንለየዋለን። ጎጂንን ላይ ያለው ድርብ ን ግን እውነተኛ ጥብቀት ነው፤ ሁለት ጊዜ ተጽፏልና አጥብቁት።

እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ደግሞ ጫና የሌለባቸውን አናባቢዎች ይውጣል። ፖላንድኛ ላይ ይህ አይሠራም። ኦ ጫና ቢኖርባትም ባይኖርባትም ኦ ናት። አማርኛችን ውስጥ እንደምናደርገው ሁሉንም በሙሉ ድምፅ አሰሟቸው።

ከእንግሊዝኛ ጋር የተላመደ ጆሮ ሌላም ጥያቄ ያነሣል፦ ከሕጉ የሚያፈነግጥ የለም ወይ? አለ፤ ግን አብዛኛው ስምና ግስ ላይ ነው። «ሒሳብ» ማ·ቴ·[ማ]·ት·ካ ይባላል፤ ከኋላ ሦስተኛው ላይ። 800 ቁጥሩ [ኦ]·ሼም·ሴት ነው። ወደ ቅጽል ሲለወጡ ግን ሁለቱም ወደ ሥርዓቱ ይመለሳሉ፦ ማ·ቴ·ማ·[ትች]·ን፣ ኦ·ሼም·[ሴት]·ን። ስለዚህ ቅጽል ላይ ስትሆኑ ያለ ጥርጣሬ ከኋላ ሁለተኛውን ያዙ።

አምስተኛ፦ መጨረሻው ሲቀየር እንደገና ቁጠሩ

ፖላንድኛ ቅጽሉን እንደ ጾታው፣ እንደ ቁጥሩና እንደ ሙያው (በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለው ሥራ) መጨረሻውን ይቀይረዋል። እዚህ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፤ ነገሩ ግን ያን ያህል ሰፊ አይደለም። አብዛኞቹ መጨረሻዎች አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ስለሆኑ ጫናው አይንቀሳቀስም። ወንዱ [ሌት]·ኚ፣ ሴቷ [ሌት]·ኛ፣ ግዑዙ [ሌት]·ኜ፣ «የእሷ» ሲሆን [ሌት]·ኜይ፣ «የእነሱ» ሲሆን [ሌት]·ኚህ። ሁሉም ላይ ሌት እንደያዘ ነው።

ጫናውን የሚያንቀሳቅሱት ሦስት መጨረሻዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ክፍለ ቃል ስላላቸው ነው። ኤጎ፣ ኤሙ፣ እና ኢሚ (ወይም በሳድሷ እሚ)። የ25 ዓመቱን ሰው በኤጎ ስንጨርሰው ድቩ·ጄስ·ቶ·ፕዬኝ·ቾ·ሌት·[ኜ]·ጎ ይሆናል። በኤሙ ሌት·[ኜ]·ሙ፣ በኢሚ ሌት·[ኚ]·ሚ። ማስታገሻውም በኤጎ ሲያልቅ ፕሼ·ቺቭ·ቡ·ሎ·[ቬ]·ጎ ነው፤ ሎ ላይ የነበረው ጫና አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሄደ። ጫናው ሎ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ፖላንዳዊ ጆሮ ወዲያው ይሰማዋል። ቃል ስታጠኑ ወንዴውን ብቻ አትያዙ፤ በኤጎ የሚያልቀውንም አብራችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት።

ስድስተኛ፦ ጭረት ካለ ሁለት ቃል ነው ብላችሁ አንብቡ

ቀለማት ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ጭረት የሌለው ዤ·ሎ·ኖ·[ዡው]·ት «ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ» ነው፤ አንድ ቀለም፣ አንድ ዋና ጫና። ጭረት ያለው ዤ·[ሎ]·ኖ-[ዡው]·ት ደግሞ «አረንጓዴና ቢጫ» ነው፤ ሁለት ቀለም ጎን ለጎን፣ ሁለት ጫና። ፊደላቱ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያሰማው ሎ ነው። ልብስ ስትገዙ ወይም ስለ ማልያ ስታወሩ ይህ ልዩነት ትርጉም ይለውጣል።

ጭረት ሲኖር እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ዋዜማ ይይዛል፤ የመጨረሻው ግን ይበልጥ ይጎላል። የፖላንድ ባንዲራ «ነጭና ቀይ» ነው፦ [ብያ]·ዎ-ቼር·[ቮ]·ን። ብሔራዊ ቡድኑን ሲጠሩት መጨረሻው ወደ ብዙ ቁጥር ይዞርና ቼር·[ቮ]·ኚ ይሆናል። በአየር ትንበያ ላይ «ሰሜን ምሥራቃዊ» ፑው·[ኖትስ]·ኖ-[ፍስሆድ]·ኚ ነው። «ፖላንድኛ-አማርኛ» መዝገበ ቃላት ስትፈልጉ [ፖል]·ስኮ-አም·[ሃር]·ስኪ በሉ። ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ስለሚያስተምር ቃሉ እዚያ እንግዳ አይሆንም። «የፖላንድና የኢትዮጵያ» ደግሞ [ፖል]·ስኮ-ኤ·[ትዮፕ]·ስኪ ነው። ኤ·ቲ·ዮፕ አትበሉ፤ ያቺው ኢ ናት፣ አትቆጠርም።

ሰባተኛ፦ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ገንቡት

ረጅም ቃል ከፊት ተጀምሮ ሲነበብ ትንፋሽም ልብም መጨረሻው ላይ ያልቃል፤ ጫናው የሚያርፈው ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ ልምምዱን ገልብጡት። የ25 ዓመቱን ቃል እንውሰድ። መጀመሪያ [ሌት]·ኚ ብቻ፣ ጫናው እስኪደላደል ድረስ። ከዚያ ቾ·[ሌት]·ኚ። ከዚያ ፕዬኝ·ቾ·[ሌት]·ኚ። እዚህ መጋጠሚያው ላይ ስለደረሳችሁ ጥቂት ቆዩና ደጋግሙት፤ ብቻውን «የ5 ዓመት» የሚል ሙሉ ቃል ነው። ቀጥሎ ቶ፣ ጄስ፣ ድቩ እያላችሁ ከፊቱ ጨምሩ። ጣታችሁን ጠረጴዛ ላይ በየክፍሉ መታ መታ አድርጉ፤ ሌት ላይ ጠንከር ይበል። አንድ ክፍል በተጨመረ ቁጥር ጫናው ሌት ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ወደ ቾ ከሸሸ አንድ እርምጃ ተመለሱ።

ሙሉው ሲወጣ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ቀለል ያለ ሁለተኛ ጫና ጨምሩ፦ ድቩ ትንሽ ከፍ፣ መካከሉ ዝርግ፣ ሌት በደንብ ከፍ። አራትና ከዚያ በላይ ክፍል ያላቸው ቃላት በአብዛኛው ይህን ዜማ ይይዛሉ። ግን ዋናውን ሳታጸኑ ወደዚህ አትሂዱ። ሁለተኛው ጫና ቢቀር ንግግሩ ዝርግ ይሆናል እንጂ ቃሉ አይበላሽም።

በቀን አንድ ቃል ይበቃል። ከመንገድ ላይ ልቀሙ። የሱቅ በር ላይ «የ24 ሰዓት»፣ ውላችሁ ላይ «የሙሉ ጊዜ» ማለትም ፔው·ኖ·ኤ·ታ·[ቶ]·ቭ፣ «የ8 ሰዓት» ማለትም ኦሽ·ምዮ·ጎ·[ጂን]·ን፣ የቆየ ሕንጻ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ውስጥ «የ18ኛው ክፍለ ዘመን» ማለትም ኦ·ሼም·ናስ·ቶ·[ቭዬች]·ን። የምትኖሩበትን ነገር የሚገልጽ ቃል ቶሎ ይያዛል።

ስትጽፉ መስመር ካለቀባችሁ

አነባበቡን የያዘ ሰው መስመር መጨረሻ ላይ ቃል መቁረጥ አይከብደውም። ከሁሉ የተሻለው ቦታ መጋጠሚያው ነው፦ ያስኖ እላይ፣ ኜብዬስኪ እታች። ተነባቢዎች በተከታተሉበት ቦታ ፖላንድኛ ነፃነት ይሰጣል፤ ጄስ·ቶ ብትሉም ጄ·ስቶ ብትሉም ልክ ነው። የማይነካው ሌላ ነው። በሁለት ፊደል የሚጻፍ አንድ ድምፅ አይሰነጠቅም። ሽ በኤስና በዜድ፣ ች በሲና በዜድ፣ ህ በሲና በኤች ሲጻፉ ሁለቱ ፊደላት አብረው ይሄዳሉ። አለስላሿ ኢ እና ቀጥሎ ያለው አናባቢም አይለያዩም። አንድ ፊደል ብቻውን መስመር ላይ አይተውም፤ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ቃል ከመጀመሪያዋ ኦ በኋላ አትቁረጡት።

አንድ የሚያሳስት አለ። ዲ እና ዜድ ተከታትለው ሁልጊዜ አንድ ድምፅ ናቸው ማለት አይደለም። «የምድር ቤት» መኪና ማቆሚያ ላይ የምታዩት ቃል ፖድ·[ዤም]·ን ነው እንጂ ፖ·ጄም·ን አይደለም። ፖድ «ከሥር» የሚል ቅጥያ ስለሆነ ዲ የሱ ናት፤ ዜድ የተከታዩ ቃል። ድንበሩም መቁረጫውም በመካከላቸው ነው።

ጭረት ያለው ቅጽል ልክ ጭረቱ ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ጭረቱ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፦ መስመሩ መጨረሻ ላይ ብያዎ-፣ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ -ቼርቮን። የታችኛዋን ጭረት ከተዋችኋት አንባቢው የላይኛዋን የመስመር ማለቂያ ምልክት አድርጎ ይወስዳታል፤ ሁለቱን ቀለማትም እንደ አንድ ቃል ያነባቸዋል።